መስመሩ ነው ወይስ ዲስኩ? የአንድ ሙያዊ ስሕተት አጭር ታሪክ

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል ያገራችን ሰው፤ ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ሳለ ዱላው በሌላው ላይ ሲያርፍ። በኮምፒዩተር ሙያ ለተሰማራነውም አባባሉ እንግዳ አይደለም። ፋይል ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲተላለፍ ከዘገየ፣ አስቀድሞ የሚከሰሰው የመገናኛው መስመር ነው። ፋይሉን የሚያነበውና የሚጽፈው ዲስክ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣና ስለምን እንደማያዋጣ ከታሪክ ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልማዱ ሲወለድ በቂ ምክንያት ነበረው። አይ.ቢ.ኤም. በ1956 ያስተዋወቀው ራማክ የተባለው ባለዲስክ ኮምፒዩተር፣ በ50 የተደራረቡ ዲስኮች ላይ 5 ሚሊዮን ፊደላት ይይዝ ነበር፤ በሰከንድም 8,800 ያህል ፊደላት ያስተላልፋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የቤል 103 ሞደም ግን በስልክ መስመር የሚያሳልፈው በሰከንድ 300 ቢት፣ ማለትም 30 ያህል ፊደላት ብቻ ነበር። ዲስኩ መስመሩን 290 ጊዜ ያህል ስለሚቀድም፣ በዚያ ዘመን መስመሩን የወቀሰ ባለሙያ አልተሳሳተም።

ሚዛኑ ግን ቀስ በቀስ ተለወጠ። ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ከ1973 ጀምሮ የሠሩት ኢተርኔት፣ በሰከንድ 2.94 ሚሊዮን ቢት ያስተላልፍ ነበር። በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ በጋራ ባወጡት ደንብ ፍጥነቱ 10 ሚሊዮን ቢት ደረሰ። በዚያው ዓመት ሲጌት ለአነስተኛ ኮምፒዩተሮች ያቀረበው ኤስ.ቲ. 506 ዲስክ ፍጥነቱ ቢበዛ 5 ሚሊዮን ቢት ነበር። እርግጥ ነው፣ ለትልልቅ ኮምፒዩተሮች የተሠራው የአይ.ቢ.ኤም. 3380 በሰከንድ 3 ሚሊዮን ባይት፣ ማለትም 24 ሚሊዮን ቢት ያስተላልፍ ነበር። በተራው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ግን መስመሩ ዲስኩን ቀደመው።

ይህ ለውጥ ያስከተለውን ችግር ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ አጋማሽ ያስተዋወቀው ኤን.ኤፍ.ኤስ. የተባለው ፋይልን በመስመር የመጋራት ዘዴ ነው። በሁለተኛው ቅጽ ደንብ መሠረት፣ አገልጋዩ ኮምፒዩተር የመጣለትን መረጃ በማይጠፋ ማከማቻ ላይ ሳያሰፍር «ተቀብያለሁ» ብሎ መመለስ አይችልም ነበር። በአንድ ጊዜ የሚላከው መረጃ ቢበዛ 8 ኪሎባይት ነው። መረጃውንና የፋይሉን መዝገብ ለማስፈር ዲስኩ ሦስት ጊዜ ቢጽፍ፣ በደቂቃ 3,600 ጊዜ በሚዞር ዲስክ ላይ ለእያንዳንዱ አንድ ዙር ብቻ ብንቆጥር እንኳ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ከተስተናገዱ ይህ በሰከንድ 160 ኪሎባይት መሆኑ ነው፤ ኢተርኔቱ ግን 1,250 ኪሎባይት የመሸከም አቅም አለው። ተጠቃሚው «መስመሩ ዘገየ» ሲል መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን ይጠብቅ ነበር። በ1995 የወጣው ሦስተኛው ቅጽ ያመጣው መድኃኒትም አዲስ ሽቦ አልነበረም፤ አገልጋዩ አስቀድሞ እንዲመልስና መረጃውን በኋላ በአንድነት እንዲያሰፍር መፍቀድ ነበር።

ይህን ስንል መስመር ፈጽሞ አያጠፋም ማለታችን አይደለም። ቫን ጃኮብሰን እንደ ዘገበው፣ በጥቅምት 1986 በሎሬንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል የነበረው ዝውውር ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት በሰከንድ አሽቆልቁሎ ነበር። ምክንያቱ በእርግጥ የመስመር መጨናነቅ ነበር። ስለዚህ ፍርዱ ከልማድ ሳይሆን ከልኬት መምጣት አለበት።

ለዚህ የሚበጀው ዘዴ ነገሩን ነጣጥሎ መለካት ነው። ማይክ ሙውስ እና ቴሪ ስላተሪ በ1984 የሠሩት ቲ.ቲ.ሲ.ፒ. የተባለ ፕሮግራም ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ በመላክ፣ ዲስክ ሳይነካ የመስመሩን አቅም ብቻ ይለካል። ቀጥሎ መስመሩን ትቶ፣ በላኪው ዲስክ ላይ ንባብን፣ በተቀባዩ ላይ ደግሞ ጽሕፈትን በየብቻቸው መለካት ይገባል። የሚለካው ፋይል ከኮምፒዩተሩ ሜሞሪ የበለጠ መሆን አለበት፤ አለዚያ የምንለካው ዲስኩን ሳይሆን ሜሞሪውን ይሆናል። የመስመር ፍጥነት በቢት፣ የዲስክ በባይት ስለሚነገር፣ ሳይነጻጸሩ በፊት ወደ አንድ መስፈሪያ መመለስ አለባቸው። ከሦስቱ ውጤቶች ያነሰው ከዝውውሩ ፍጥነት ጋር ከተቀራረበ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከስሕተቱ ነፃ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የመጠባበቂያ ቅጂው ሳያልቅ ይነጋ ነበርና፣ ጥፋተኛው መስመሩ ነው ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ስዊቹና ገመዱ ተገዝቶ ተለወጠ፤ ቅጂው ግን አልፈጠነም። በኋላ የተቀባዩ ዲስክ ለብቻው ሲለካ የአሮጌውን መስመር አቅም አንድ አሥረኛ እንኳ አይጽፍም ነበር። የግማሽ ሰዓት ልኬት ያን ሁሉ ወጪ ባዳነ ነበር።

ዛሬ ደግሞ የሚሽከረከር አካል የሌላቸው ፈጣን ማከማቻዎች ሚዛኑን በብዙ ቦታ መልሰው ወደ መስመሩ አዘንብለውታል፤ ነገም ይለወጥ ይሆናል። ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ የግዥ ጥያቄ ከመፈረማችን በፊት ሦስቱን ልኬቶች አብረን እናያይዝ። ዳውላው ከመደብደቡ በፊት አህያው ይመርመር።