የሾቶካን ነብር

የሾቶካን ካራቴ ዓርማ በክብ ውስጥ የሚራመድ ነብር ነው። አገራችን የምታውቀው ባለ ነጠብጣቡ ሳይሆን ባለ መስመሩ የእስያ ነብር። በካራቴ ልብስ ደረት ላይ ተሰፍቶ ያየው ሰው ቁጣንና ጥፍርን ያስባል። የዓርማው ምንጭ ግን መጽሐፍ ነው።

የሾቶካን መሥራች ጊቺን ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በ1868 በኦኪናዋ ደሴት፣ በሹሪ ተወለዱ። በልጅነታቸው ዘመን ካራቴ በሌሊት፣ ከሰው ዓይን ተሰውሮ የሚሰጥ ትምህርት ነበር። ጥበቡን ተማሪው የሚያገኘው ከመምህሩ እጅና እግር እንጂ ከወረቀት አልነበረም። ፉናኮሺ ለረጅም ዓመታት የትምህርት ቤት መምህር ሆነው ሠሩ፤ ግጥምም ይጽፉ ነበር። ከልምምድ በኋላ ለብቻቸው የሚወጡበት በጥድ የተሸፈነ ተራራ ቶራኦ ይባላል፤ “የነብር ጅራት” ማለት ነው። እዚያ የሰሙትን፣ ነፋስ በጥድ መካከል ሲያልፍ የሚያሰማውን እንደ ባሕር ሞገድ ያለ ድምፅ የብዕር ስማቸው አደረጉት፦ “ሾቶ”፣ የጥድ ሞገድ።

እ.ኤ.አ. በ1922፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ካለፈ በኋላ፣ ካራቴን በትርኢት ለማሳየት ወደ ቶኪዮ ሄዱ። ሊመለሱ ሲሉ ሠዓሊው ሆአን ኮሱጊ ቆይተው እንዲያስተምሯቸው ለመኗቸው፤ መጽሐፍ እንዲጽፉም አጥብቀው ገፋፏቸው። መጽሐፉ በዚያው ዓመት ታተመ። በ1923 ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ የማተሚያ ሰሌዳዎቹን ስላጠፋቸው በ1925 እንደገና ተዘጋጅቶ ወጣ።

ነብሩን የሣሉት እኚሁ ኮሱጊ ናቸው። ጃፓኖች የአንድን ጥበብ ዋና መጽሐፍ፣ ምሥጢሩ ሁሉ የሰፈረበትን፣ “ቶራ ኖ ማኪ” ይሉታል፤ ቃል በቃል “የነብር ጥቅልል”። አጠራሩ የመጣው የነብር ስም ያለው ክፍል ከያዘ ጥንታዊ የቻይና የጦር ጥበብ መጽሐፍ ነው። ዛሬ የጃፓን ተማሪዎች መልስ የያዘውን አጋዥ መጽሐፍ ሳይቀር በዚሁ ስም ይጠሩታል። በሾቶካን ዘንድ ሲነገር እንደኖረው፣ ኮሱጊ ካራቴ ቶራ ኖ ማኪ እንደሌለው አስተውለው የፉናኮሺ መጽሐፍ ያንን ቦታ እንዲይዝ ፈለጉ፤ ስለዚህ ነብር ሣሉለት። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ነገሩ እንግዳ አይደለም፦ ሰሙ አውሬ፣ ወርቁ መጽሐፍ። በጃፓን ዱር ነብር አለመኖሩም ይህን ፍቺ ያጠናክረዋል፤ እንስሳው ለጃፓናውያን ከጫካ ይልቅ የሥዕልና የቃል ፍጡር ነው።

“ሾቶካን” የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከሥዕሉ በኋላ ነው። በ1930ዎቹ በቶኪዮ የፉናኮሺ ማሠልጠኛ ቤት ሲሠራ ደቀ መዛሙርቱ የመምህራቸውን የብዕር ስም ከ“ካን”፣ ከቤት፣ ጋር አጣምረው በሩ ላይ ሰቀሉት። ቤቱ በ1945 በአየር ድብደባ ወደመ። ፉናኮሺም በ1957 አረፉ።

ሥዕሉን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ክቡ በኮምፓስ እንዳልተሠራ ያስተውላል። አንድ ቦታ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፤ በአንድ የብሩሽ ጉዞ የተሣለ ይመስላል። የነብሩም ገላ ከክቡ ጋር ጎበጥ ብሏል። ከጅራቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ምልክት የዓርማው ምሥጢራዊ ቃል የምትመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ግን የኮሱጊ ፊርማ ናት።