ጥቁር የተቀባው ሸለቆ፦ ሕዝብን በካርታ ስለ መሳል

የሕዝብ ቆጠራ ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የጨረሰ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላጋጠመኝም። ሠንጠረዡ አምስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ የማይዝል ዐይን የለም። «አራት ሚሊዮን ሰው» ሲባል ጆሯችን ይሰማል እንጂ ዐይናችን ላይ የሚመጣ ነገር የለም። ለዚህ ነው ቁጥርን ወደ ሥዕል የለወጡ ሰዎች ታሪክ ከቁጥሩ ይልቅ የሚስበኝ።

ነገሩ ሲወሳ ፈረንሳዮች ቀድመው ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1826 ሻርል ዱፓን የሚባል ባሮን የአገሩን ካርታ ዘርግቶ፣ የተማሪው ቁጥር ከነዋሪው አንጻር ያነሰበትን አውራጃ ጠቆር፣ የበዛበትን ነጣ አድርጎ ቀባው። ሰሜኑ ነጣ፣ ደቡቡ ጠቆረ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ፍሬር ደ ሞንቲዞን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ቀለሙን ትቶ ነጥብ ያዘ፤ አንድ ነጥብ 10,000 ሰው። ዛሬ በኮምፒውተር የምናያቸው አብዛኞቹ የሕዝብ ካርታዎች የእነዚህ የሁለቱ ልጆች ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የእኔ ወሬ ግን አሜሪካ ነው።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና በወራት ሲቆጠር፣ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ካርታ ታትሞ ለገበያ ወጣ። ሽያጩ ለታመሙና ለቆሰሉ ወታደሮች መርጃ ነበር። ኤድዊን ኸርገስሃይመር የተባለ የመንግሥት ካርታ ሠሪ የ1860ውን የሕዝብ ቆጠራ ይዞ፣ የደቡቡን እያንዳንዱን ካውንቲ ከነዋሪው ስንት በመቶው ባሪያ እንደሆነ እያየ አጠቆረው። ቁጥሩንም ካውንቲው ላይ ጻፈበት። ብዙ ባሪያ፣ ብዙ ጥቁር። ይኸው ነው ጥበቡ።

ይህን ካርታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ዐይኑ የሚሄደው ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ነው። ሸለቆው በሙሉ ጠል እንደጠጣ የጥጥ ማሳ ጥላ ያጠላበታል። ኢሳኩዊና የምትባል የሚሲሲፒ ካውንቲ ከነዋሪዋ 92.5 በመቶው ባሪያ ነበር። ከመቶ ሰው ሰባት ተኩል ነጻ፣ የቀረው ንብረት ማለት ነው! ወደ ሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ ስንሄድም ጥቁር። ወደ ምሥራቅ ቴነሲና ወደ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች ስንወጣ ግን ወረቀቱ ይነጣል። የእነዚያ ተራሮች ሰዎች ለመገንጠል ያልጓጉት ለምን እንደሆነ ብዙ ንግግር ሳያስፈልግ ይታያል። ምዕራቡ ከቨርጂኒያ ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ1863 ራሱን የቻለ ስቴት ሆኗል። «ደቡብ» ይባል የነበረው አንድ ወጥ አገር በካርታው ላይ አንድ ወጥ አልነበረም።

አብርሃም ሊንከን ይህን ካርታ ይወደው ነበር። ፍራንሲስ ካርፐንተር የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1864 ስድስት ወር ያህል ዋይት ሐውስ ተቀምጦ፣ ፕሬዚዳንቱ የነጻነት አዋጁን ረቂቅ ለካቢኔያቸው ሲያነቡ የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል ሲሠራ፣ ካርታውን ለሞዴል ብሎ ወስዶት ኖሯል። ሊንከን ሲፈልጉት ከርመው ሠዓሊው ዘንድ አገኙት። ሠዓሊው በኋላ እንደተረከው መነጽራቸውን አድርገው፣ ወደ መስኮት ጠጋ ብለው፣ በዘመቻ ላይ የነበረ የፈረሰኛ ጦር የት እንደደረሰ መፈለግ ያዙ፤ ጦሩ ባሮች ወደበዙበት ካውንቲ ተጠግቷልና ሲመለስ ብዙዎቹን ይዞ ይመጣል ብለው ተስፋ አደረጉ። ለሌላው የጦር ካርታ መንገድና ድልድይ ነው። ለእሳቸው ጥቁሩ ቀለም ነጻ ሊወጣ የሚችል ሰው ነበር። ካርታው ዛሬም በሥዕሉ ቀኝ ታችኛ ጥግ ላይ ተደግፎ ይታያል።

ግን አንድ የሚቆጠቁጥ ነገር አለ። ቁጥሩ የመጣው ከየት ነው? በ1860ው ቆጠራ ባሮች በተለየ መዝገብ ነበር የሚሰፍሩት። የጌታው ስም ይጻፋል፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። የባሪያው ስም ግን፣ ከጥቂት ቦታ በቀር፣ የለም። በሕገ መንግሥቱ ደግሞ ለምክር ቤት ወንበር ሲሰላ አንድ ባሪያ የሰው ሦስት አምስተኛ ነበር፤ ትርፉም የባለቤቶቹ ስቴት ነበር። ሊንከን በመስኮቱ ብርሃን ያዩት ጥቁር ቀለም አራት ሚሊዮን ገደማ ሰው ነው፤ አንድም ስም ግን የለበትም።

አርባ ዓመት ሳይሞላ ቀለሙ እጅ ለወጠ።

እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የጥቁር አሜሪካውያንን ኑሮ የሚያሳይ ክፍል ተዘጋጀ። በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዱ ቦይስ ከተማሪዎቹ ጋር ስልሳ ገደማ ሠንጠረዥና ካርታ በእጅ ሠርቶ ላከ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፤ ዛሬ የተሠራ ፖስተር ነው ብትባሉ ታምናላችሁ። የባሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች እስክሪብቶና ብሩሽ ይዘው የገዛ ሕዝባቸውን የሳሉበት ሥራ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው የጆርጂያን ጥቁር ሕዝብ በ1890 ቆጠራ የሚያሳየው ነው። ትልልቅ ከተሞች የሚኖሩት 78,139፤ በገጠርና በመንደር የሚኖሩት 734,952። ይህን በተራ መስመር ብትስሉት የገጠሩ መስመር ከወረቀቱ ይወጣል። ታዲያ ምን አደረጉ? መስመሩን ጠቀለሉት! ቀዩ መስመር እንደ ሰዓት ሞላ ወደ ውስጥ እየተጠመዘዘ ይገባል። ሕጉን የሚያከብር የስታቲስቲክስ መምህር «ይህ ርዝመትን ለማወዳደር አይመችም» ይል ይሆናል፣ እውነቱን ነው። ያን ጠመዝማዛ አይቶ ግን «አብዛኛው ገጠር ነው» የሚለውን የሚረሳ የለም። ለፓሪስ ጎብኚ ደግሞ የሚያስፈልገው መቆም ነበር፤ ማንም ሳያስቆመው ሊያልፍ የሚችል ሰው ነውና።

ወደ እኛ ስመጣ ቅናት ይይዘኛል። መምህራችን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በጂኦግራፊ ሰውነታቸው የኢትዮጵያን አትላስ አዘጋጅተው ነበር፤ ብዙዎቻችን በፖለቲካው ብቻ እናውቃቸዋለን። ዛሬ የሕዝብ ካርታ ስንል ግን ክልል በክልል ቀለም መቀባት ሆኗል። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ ወደ 2.7 ሚሊዮን፣ አፋር ክልል ወደ 1.4 ሚሊዮን ሰው ነበረው። ካርታው ላይ አፋር ሰፊ ቀለም፣ አዲስ አበባ የዝንብ ጠብታ ናት። በነጥብ ብንሠራው ደጋው ገና ከሩቁ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። (ነጥቡም ቢሆን ችግር አያጣም፤ ከብቱን እየነዳ ወቅት ጠብቆ የሚንቀሳቀሰውን አርብቶ አደር የት ላይ ነው የምንጥለው?)

ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። ከ1999ኙ ቀጥሎ የታቀደው ግን ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ዳግመኛ አራዘሙት። ያን ዓመት የኢትዮጵያን ሕዝብ በነጥብ ልሣል ብሎ የተቀመጠ ሰው በእጁ የነበረው የ1999ኙ ቆጠራና ከእሱ የተሰላ ግምት ነበር። ቆጣሪዎቹ ከመንደሩ በወጡ ማግስት የተወለደ ልጅ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። በግምቱ ውስጥ አለ፤ በሩን አንኳኩቶ ስሙን የጠየቀው ቆጣሪ ግን አልነበረም።