በወረርሽኝ ወቅት በጤና ተቋማት ላይ የሚደርሰውን ጫና ለመቀነስ የኅብረተሰቡ ኃላፊነት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለበሽታው ሕክምና ተለይቷል፤ የሚሌኒየም አዳራሽም ወደ ጊዜያዊ የሕክምና ማዕከልነት ተቀይሯል። አልጋ በዚህ መልክ መጨመር ቢቻልም፣ የሠለጠነ ባለሙያን፣ የኦክስጅን አቅርቦትንና የመተንፈሻ መሣሪያን በአጭር ጊዜ ማባዛት አዳጋች ነው። ስለዚህ በጠና የታመመ ሰው በወቅቱ ሕክምና ማግኘቱ በሌሎች ተገልጋዮች ጥንቃቄም ላይ የተመሠረተ ነው።

ቀላል ምልክት ሲታይ

በኮቪድ-19 ከሚያዙ ሰዎች አብዛኞቹ ሆስፒታል ሳይተኙ ያገግማሉ። መጠነኛ ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው ከሌሎች ተለይቶ በቤቱ በማረፍ፣ ፈሳሽ በብዛት በመውሰድና በስልክ ወይም በአካባቢው ጤና ጣቢያ ምክር በመጠየቅ ራሱን መንከባከብ ይችላል። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ወረፋውን ከማብዛቱም በላይ በሽታውን ለሌሎች ሕሙማንና ለባለሙያዎች ያዛምታል። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና እንደ ስኳር፣ ልብና አስም ያሉ ሕመሞች ያሉባቸው ሰዎች ግን ምልክቱ ቀላል ቢሆንም ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል።

ፈጽሞ መዘግየት የማይገባው መቼ ነው?

የትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት፣ ራስን መሳት ወይም የከንፈር መጥቆር ሲታይ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጫና መቀነስ ማለት ከሕክምና መራቅ ማለት አይደለም። ዘግይቶ የሚመጣ ታማሚ የበለጠ ኦክስጅንና ረዘም ያለ የአልጋ ቆይታ ይፈልጋል፤ የመዳን ዕድሉም ይቀንሳል።

መቋረጥ የሌለባቸው አገልግሎቶች

የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል በወረርሽኝ ወቅትም መቀጠል አለባቸው። እነዚህን በፍርሃት ማቋረጥ ቆይቶ ለከፋ ሕመምና ለተጨማሪ ጫና ይዳርጋል።

ከእያንዳንዱ ዜጋ የሚጠበቅ

• እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ አካላዊ ርቀትን መጠበቅ፤
• በለቅሶ፣ በሠርግና በዕድር ስብሰባዎች ላይ የሰው ቁጥርን መወሰንና ሐዘንተኛን በስልክ ማጽናናት፤
• ተራ ሲደርስ ክትባት መውሰድ፤ በኢትዮጵያ የኮቪድ-19 ክትባት መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤
• ታማሚን የሚያጅቡና የሚጠይቁ ሰዎችን ቁጥር መቀነስ፤
• ጤነኛ የሆነ ሰው ደም መለገስ፤ እንቅስቃሴ ሲገደብ የለጋሾች ቁጥር ቢቀንስም ለወላዶችና ለአደጋ ተጎጂዎች የሚያስፈልገው ደም አይቀንስም፤
• የታመመንም ሆነ ያገገመን ሰው አለማግለል፤ መገለልን የሚፈራ ሰው ሕመሙን ይደብቃል።

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ለመረጃና ለጥቆማ 8335 እና 952 ነጻ የስልክ መስመሮች አገልግለዋል። በስልክ ምላሽ ያገኘ አንድ ጥያቄ በሆስፒታል በር ላይ የአንድን ሰው ወረፋ ይቀንሳል።