ታጁራና ጅቡቲ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ፦ የአንዲት ትርፍ ፊደል ታሪክ

ጅቡቲ የምትባል ከተማ ከመቆርቆሯ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ እንግሊዝኛ በባሕረ ሰላጤው ማዶ የምትገኘውን የትንሿን ከተማ የታጁራን ስም ይጽፍ ነበር። ብሪታንያ በ1839 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤደንን ከያዘች በኋላ፣ በ1840 የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹማምንት ከታጁራ ሱልጣን ጋር ውል ተዋዋሉ። በ1841 ደግሞ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከውን የመልእክተኞች ጓድ እየመራ ከመርከብ የወረደው በዚያችው ወደብ ነበር። በሃሪስ ብዕር ስሙ ስድስት ፊደል ብቻ ነበረው፦ ቲ፣ ኤ፣ ጄ፣ ዩ፣ አር፣ ኤ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ካርታ ላይ የሚነበበው ግን ስምንት ፊደል ያለው ነው። ከጄ በፊት ዲ፣ ከዩ በፊት ኦ ገብተውበታል።

የዲዋን ምክንያት ለማስረዳት የኢትዮጵያ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ይመቻል። በአማርኛ «ጀ» ከ«ደ»፣ «ዠ» ከ«ዘ» በጭረት የወጡ ፊደላት ናቸው። የፈረንሳይኛው ጄ ብቻውን ሲቆም «ዠ» ተብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ ፈረንሳዊው ጸሐፊ «ጀ»ን ለማግኘት ዲን ማስቀደም ግድ ይሆንበታል። ኦና ዩንም ያጣመረው፣ ዩ በቋንቋው ብቻዋን ስትሆን የ«ኡ»ን ድምፅ ስለማትሰጥ ነው። የእንግሊዝኛው ጄ ግን ቀድሞውንም «ጀ» ነው። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ዲዋ ሥራ ፈት ናት። ጣሊያንኛም በራሱ ሥርዓት በጂ እና በአይ ጀምሮ ይጽፈዋል፤ የፈረንሳይኛውን አልተዋሰም።

ጅቡቲ የተቆረቆረችው በ1888 ገደማ ነው። ፈረንሳይ በ1862 በውል ያገኘችው ኦቦክ ነበር፤ የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ ጅቡቲ የተሻገረው በ1890ዎቹ ነው። ከ1897 ጀምሮ ከዚያ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የከተማይቱ ስም በየቋንቋው ተሰማ። እንግሊዝኛ በዚያን ጊዜ የራሱ አጻጻፍ ነበረው። የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1885 ባጸደቀው ደንብ መሠረት አናባቢዎች እንደ ጣሊያንኛ፣ ተነባቢዎች እንደ እንግሊዝኛ እንዲነበቡ ሆነው ይጻፋሉ። በዚህ ደንብ ጅቡቲ ጄ፣ አይ፣ ቢ፣ ዩ፣ ቲ፣ አይ ትሆናለች። የ1911 የብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያም ከተማይቱን የሚያስገባት በዚህ ስም፣ በጄ ተራ ነው።

ይኸው ደንብ ግን በላቲን ፊደል የሚጽፉ አገሮች ስሞች ሳይነኩ እንዳሉ ይቀመጡ ይላል። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሆሄ ጥያቄ መስሎ የባለቤትነት ጥያቄ ነውና። ጅቡቲ ከአገሬው አንደበት የተሰማ ስም ከሆነች በጄ ትጀምራለች፤ በላቲን ፊደል የሚጽፍ መንግሥት ንብረት ከሆነች በዲ። በ1890 የተቋቋመው የአሜሪካ የጂኦግራፊ ስሞች ቦርድና በ1919 የተቋቋመው የብሪታንያ ቋሚ ኮሚቴ በላቲን ፊደል ለሚጽፉ መንግሥታት የየመንግሥቱን ይፋዊ አጻጻፍ የመቀበልን መርሕ ይዘዋል፤ በመጨረሻም በእንግሊዝኛ የረታው የፈረንሳይኛው ነው። ታጁራም አብራ ሄደች፣ ያውም በእንግሊዝኛ ቀድማ የተጻፈችው እርሷ ሆና ሳለ! በብሪታንያ መዛግብት ውስጥ የሁለቱን ከተሞች ታሪክ የሚፈልግ ሰው በዲና በጄ የተጻፈውን ብቻ ቢከተል የ1840ዎቹን ውሎች በቀላሉ ያልፋቸዋል።

ሁለተኛው ለውጥ በ1977 መጣ። ግዛቱ በእንግሊዝኛ ለረጅም ጊዜ የሚጠራው የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ተብሎ ነበር፤ ከ1967 ጀምሮ የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃ የወጣው ሪፐብሊክ የአንዱንም ሕዝብ ስም ሳይሆን የከተማይቱን ስም ወሰደ። ስሙ ወደ አገር ሲሰፋ ከተማይቱ በእንግሊዝኛ ባዶ ስሟን አጣች፤ እንደ ኩዌትና እንደ ፓናማ ዋና ከተሞች «ሲቲ» የሚል ቅጥያ ተሰጣት። ፈረንሳይኛም «ቪል» ይጨምራል። በአማርኛ የጭነት መኪና ሹፌር «ጅቡቲ ደርሼ መጣሁ» ሲል ግን ወደቡን ማለቱ እንደሆነ ሰሚው ያውቃል፤ «ከተማ» የሚለው ቃል የሚጨመረው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። (አማርኛ ተናጋሪ በስሙ ውስጥ «ጅብ» የሚል መስማቱ አይቀርም፤ ለሥርወ ቃሉ ግን ፋይዳ የለውም።)

የተመረጠው ስም በትርጉም ገለልተኛ ነው፤ በድምፅ ግን አይደለም። ሶማልኛ «ጃቡቲ» ይላል፤ አፋርኛ «ጋቡቲ»። አፋርኛ በድምፅ ሥርዓቱ «ጀ» የለውምና በሶማልኛና በዓረብኛ «ጀ» በሚሰማበት ቦታ «ገ»ን ያስገባል፤ ታጁራም በአፋርኛ «ታጎሪ» ናት። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የስሙ ትውፊት ከዘንባባ ከሚሠራ ምንጣፍ የአፋርኛ ስም ጋር ያያይዘዋል። ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ የወረሰው አጻጻፍ የመጀመሪያውን ድምፅ ሳይሆን ተለዋጩን ነው ያጸናው። ሶማልኛ ከ1972 ወዲህ በይፋዊ የላቲን ሥርዓት ይጻፋል፤ አፋርኛም በ1970ዎቹ የራሱን የላቲን አጻጻፍ አግኝቷል። ስለዚህ «በላቲን ፊደል የሚጽፈው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ፈረንሳይኛ ብቸኛ መልስ መሆኑ ቀርቷል። በእንግሊዝኛ ካርታዎች ላይ ግን ይህ እስካሁን አይታይም።

በድሮው ሐዲድ ላይ ያለችው የዓሊ ሳቢህ ስም ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የመጀመሪያዋን የጉሮሮ ድምፅ ሶማልኛ በሲ፣ አፋርኛ በኪው ይጽፋታል። ፈረንሳይኛው ፈጽሞ ጥሏታል፤ እንግሊዝኛውም ያንኑ ተቀብሏል። አማርኛ በ«ዓ» ሲጽፋት ፊደሏን ጠብቆ ድምፅዋን አጥቷል።