በአሜሪካ የሚማሩ ተማሪዎች የትዳር ጓደኛና ልጆች የሥራ መብት

ወደ አሜሪካ ለትምህርት የሚጓዝ ተማሪ የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች በጥገኛ ቪዛ አብረውት ሊኖሩ ይችላሉ። የመሥራት መብታቸው ግን በቪዛው ዓይነት ይወሰናል።

ኤፍ-2 (የኤፍ-1 ተማሪ ቤተሰብ)፦ ሥራ መሥራት አይፈቀድም። የትዳር ጓደኛ ከሙሉ ጊዜ ባነሰ መርሐ ግብር መማር፣ ልጆችም የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መከታተል ይችላሉ።

ጄ-2 (የጄ-1 ባለቪዛ ቤተሰብ)፦ በቅጽ አይ-765 አመልክተው ፈቃድ ካገኙ በኋላ መሥራት ይችላሉ። ገቢው ግን ለጄ-1 ባለቪዛው መተዳደሪያ ሊውል አይችልም።

ያለፈቃድ መሥራት የመቆየት መብትን ሊያሳጣ፣ ወደፊት ቪዛ ለማግኘትም እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም አመልካቾች የቤተሰባቸውን ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ከጉዞ በፊት ማሟላታቸውን ሊያረጋግጡ ይገባል።