ያልተነበበው የክፍያ መግለጫ፦ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብና ራሱን የቻለው የቢሊንግ ድርጅት በአሜሪካ

የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ በአሜሪካ እንዴት እንደተስፋፋ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሃይቴክ የተሰኘው ሕግ መዝገቡን በመስፈርቱ ለተጠቀመ ሐኪም በሜዲኬር በኩል እስከ 44,000፣ በሜዲኬይድ በኩል እስከ 63,750 ዶላር ማበረታቻ ፈቀደ፤ ወረቀትም ከየክሊኒኩ እየወጣ ሄደ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ሙግቴ መዝገቡ በክፍያ ሥራ ላይ ያመጣውን ለውጥ ለመለካት ከሞከረ አንድ ጥናት ጋር ነው።

ፊሊፕ ሴንግና አራት ባልደረቦቹ በ2018 በጃማ መጽሔት እንዳሳተሙት፣ የአንድ ተራ የሐኪም ጉብኝት ክፍያን ለማስፈጸም 13 ደቂቃና 20.49 ዶላር፣ ተኝቶ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ደግሞ 100 ደቂቃና 215.10 ዶላር ይወጣል። መዝገቡ ወጪውን የቀነሰው አይመስልም ይላሉ። አሃዞቹን አልነካም፤ ጥያቄዬ የት ቆመው ለኩ የሚለው ነው። ያነጋገሩት የአንድ ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ጤና ተቋም 27 አስተዳዳሪዎችንና 34 ሐኪሞችን ነው። እዚያ ሐኪሙም፣ ኮድ ሰጪውም፣ ክፍያ ተከታታዩም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። ኮድ ሰጪው የሐኪሙን ማስታወሻ ማየት ሲፈልግ ይከፍተዋል፤ በቃ። ለሦስትና ለአራት ሐኪሞች በውል የሚሠራ የውጭ ቢለር (የክፍያ ሥራ አስፈጻሚ) ግን ማስታወሻውን የሚያየው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሲሰጠው፣ ያውም በተፈቀደለት ልክ ነው። ይህን ልዩነት የደቂቃ ቆጠራ አይዘውም። ጥናቱ የአንድ ተቋም ብቻ መሆኑን ጸሐፊዎቹ አልደበቁም፤ መደምደሚያቸው ግን ከማስጠንቀቂያው ተነጥሎ ይዞራል።

ልዩነቱን የሚያሳየው ቸል የተባለው ምንጭ ኢንሹራንሱ ለእያንዳንዱ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) የሚመልሰው የክፍያ መግለጫ ነው፤ በሙያው ሰዎች አፍ «835» ይባላል። ሳይከፈል የቀረ ወይም የተቀነሰ ሒሳብ ሁሉ በዚያ ላይ ምክንያቱ በቁጥር ይጻፍበታል። 16 መረጃ ጎድሏል ወይም ተሳስቷል ማለት ነው፤ 29 የማቅረቢያ ጊዜው አልፏል፤ 197 ቅድመ ፈቃድ የለም፤ 50 ሕክምናው አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጸሐፊ ስህተቶች ናቸው፦ የተዛባ ስም፣ የተዘለለ የአባልነት ቁጥር፣ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ሱፐርቢል (የጉብኝቱ የክፍያ ቅጽ)። የድሮው ቢለር እንጀራ ይህን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በጥንቃቄ መገልበጥ ነበር። መዝገቡ የበላው ይህንኑ እንጀራ ነው፤ የታካሚው መረጃ ከጉብኝቱ በቀጥታ ወደ ክሌሙ ይፈስሳል፣ ሶፍትዌሩም ጎደሎውን ሳይልክ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2015 አይሲዲ-10 የተባለው የበሽታ ኮድ ዝርዝር ሥራ ላይ ሲውል የበሽታ ኮዶች ከ14,000 ገደማ ወደ 68,000 ገደማ ዘለሉ፤ ለሐኪሙ ኮዱን የሚያቀርብለትም የቢለሩ ወፍራም መጽሐፍ መሆኑ ቀርቶ የመዝገቡ መፈለጊያ ሆነ። 50 እና 197 ግን በመገልበጥ አይፈቱም። ሐኪሙ ምን አይቶ ምን እንደወሰነ ከማስታወሻው አውጥቶ መከራከር ይጠይቃሉ። ለቢለሩ የቀረለት ከባዱ ሥራ ነው፤ እሱም ከሌላ ሰው በር በስተጀርባ።

አንዱ ኢንሹራንስ 16 ያለውን ሌላው በሌላ ኮድ ሊመልሰው ስለሚችል ኮዶቹን ማነጻጸር ጥንቃቄ ይሻል። ጥንቃቄውን ካደረግን ግን በመገልበጥ በሚፈታውና ክርክር በሚጠይቀው መካከል ያለው ክፍፍል ግልጽ ነው።

በሩን የያዘው የመዝገቡ ሻጭ ደግሞ ተፎካካሪ ሆኖ መጥቷል። በ1997 የተመሠረተው አቴናሄልዝ መዝገቡንና የክፍያ ማስፈጸም ሥራውን አዋህዶ፣ ከሚሰበሰበው ገንዘብ በመቶኛ ያስከፍላል። ብዙ ቢለሮችም የሚኖሩት በመቶኛ ነው (የሐኪሙን ገቢ በመቶኛ መካፈል ከሚከለክለው ከኒውዮርክ በቀር)። አንድ ሐኪም መዝገብ ሲገዛ ቢለሩን የሚተካ አገልግሎት አብሮ ይቀርብለታል።

ሜዲኬር ከ10 በታች የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያላቸውን ክሊኒኮች በኤሌክትሮኒክ ከማቅረብ ግዴታ ነጻ ስላደረገ ትንንሾቹ አይነኩም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ክሌም መላክና መዝገብ መያዝ ግን ሁለት ነገር ነው። በ2016 የወጣው ሕግ መረጃን ማገድ ከልክሏል ለሚሉም፣ ሕጉ ያለቀን ውል አያድስም።

ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታየውም ውሉ ያለቀ ዕለት ነው። ሜዲኬር ለመጀመሪያ ይግባኝ 120 ቀን ይሰጣል። የወረቀቱ ዘመን ቢለር የክሌሙን ታሪክ በራሱ ኮምፒውተር ይዞ እስከዚያ ሊከራከር፣ ድርሻውንም ሊያሰላ ይችል ነበር። ዛሬ የመግቢያ ስሙ በዕለቱ ይዘጋል፤ እሱ ያስጀመረው ይግባኝ በ90ኛው ቀን ቢከፈል፣ መከፈሉን የሚያውቀው ከተነገረው ብቻ ነው።