የአራት ዶላር ድንበር፦ ኢትዮጵያውያንና የከተማ ምርጫ በዴንቨርና በአውሮራ

በዴንቨርና በአውሮራ መካከል ወንዝ የለም፤ ተራራም የለም። በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው አንዱን ከተማ ለቆ ሌላው ውስጥ መግባቱን የሚነግረው የመንገድ ዳር ምልክት ብቻ ነው። በ2025 ግን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ የማይታይ መስመር ዋጋ ነበረው። በዴንቨር ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 18.81 ዶላር ሲሆን፣ የራሷን ወለል ባላወጣችው አውሮራ የሚሠራበት የኮሎራዶ ስቴት ወለል 14.81 ዶላር ነበር። ልዩነቱ በሰዓት አራት ዶላር ነው፤ በዓመት 2,000 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ደግሞ 8,000 ዶላር ይደርሳል። ልዩነቱን የፈጠረው ገበያው ብቻውን አይደለም። በ2019 የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ከተሞች የራሳቸውን የደመወዝ ወለል እንዲወስኑ ፈቀደ፤ የዴንቨር ከተማ ምክር ቤት በዚያው ዓመት በፈቃዱ ተጠቀመ፤ የአውሮራ ምክር ቤት አልተጠቀመበትም።

በሁለቱ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያለፉት 30 ዓመታት የፖለቲካ ታሪክ በዚህ መስመር ዙሪያ ሊነበብ ይችላል። ይህ ማኅበረሰብ ከዋሽንግተን ጋር መነጋገርን ተምሯል፤ ለአገር ቤት ጉዳይ የኮንግረስ አባላትን ማንቀሳቀስም ችሏል። የዕለት እንጀራውን የሚወስኑት ውሳኔዎች ግን በአብዛኛው የተላለፉት ጥቂት ሰው ድምፅ በሚሰጥባቸው የቅርብ መድረኮች ነው። ማኅበረሰቡ በእነዚህ መድረኮች ያገኘውና ያጣው ነገር ሲመረመር፣ ድልና ሽንፈትን የለየው የሰው ብዛት ሳይሆን የአደረጃጀቱ ዓይነት መሆኑ ይታያል።

ሥራ በአንዱ፣ ቤት በሌላው

ወደ ኮሎራዶ የተደረገው ፍልሰት የተለመደውን መንገድ ተከትሏል። በመጀመሪያ ከደርግ ዘመን የሸሹት፣ በ1980 በወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ መሠረት መጡ፤ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የዲቪ ዕጣ የደረሳቸውና በቤተሰብ ጥሪ የመጡ ተጨመሩ። አዲሱ የዴንቨር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ የጀመረው በዚያው በ1995 በየካቲት ወር ነበር። ታክሲ መንዳት፣ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ፣ ጽዳትና የሻንጣ ሥራ የእንግሊዝኛ ችሎታቸው ገና ላልዳበረ አዲስ መጪዎች በር ከፈቱ። አውሮራ ደግሞ የተሻለ የቤት ኪራይ ዋጋ ነበራት። በ2020 ቆጠራ 386,261 ነዋሪዎች የተመዘገቡባት ይህች ከተማ፣ በስቴቱ ከዴንቨርና ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ቀጥላ ሦስተኛ ናት፤ ከአምስት ነዋሪዎቿ አንዱ ገደማ ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ ነው።

ከዚህ አሰፋፈር አንድ የፖለቲካ ችግር ተከተለ። አውሮፕላን ማረፊያው የዴንቨር ከተማ ንብረት ነው። ዴንቨር ሠርቶ አውሮራ የሚያድር ሰው የሥራ ቦታውን ደንብ የሚያወጣውን ምክር ቤት አይመርጥም፤ የሚመርጠው ምክር ቤት ደግሞ በሥራ ቦታው ላይ ሥልጣን የለውም። ሁለቱም ከተሞች ለኢትዮጵያ ያላቸውን ወዳጅነት በይፋ መዝግበዋል፦ ዴንቨር ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እኅት ከተማ ናት፣ አውሮራም የአዳማ። የእኅትማማች ከተሞች ስምምነት ግን የሥነ ሥርዓት ወዳጅነት ነው፤ የሥራ ፈቃድ አይሰጥም፣ ደመወዝም አይወስንም።

የታክሲው ትምህርት

የመጀመሪያው ትርጉም ያለው ድል የመጣው ምርጫ ከማይደረግበት መሥሪያ ቤት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዴንቨር የታክሲ ገበያ በሦስት ኩባንያዎች እጅ ነበር፤ ከ1947 ወዲህ አዲስ ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ አያውቅም። ደንቡ አዲሱ አመልካች ነባሮቹ ኩባንያዎች አገልግሎቱን ማዳረስ እንዳልቻሉ እንዲያስረዳ ይጠይቅ ስለነበር፣ ማስረጃው የሚገኘው ከተወዳዳሪዎቹ እጅ ነበር። አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነበት የአራት ሰዎች ቡድን ያቀረበው ማመልከቻ በስቴቱ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ውድቅ ተደረገ። ቡድኑ ጉዳዩን በ1993 ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰደ። በ1994 የስቴቱ ሕግ አውጪዎች ደንቡን ለወጡ፤ በ1995 ፍሪደም ካብስ የተባለው ኩባንያ ሥራ ጀመረ።

ቀጣዩ ምዕራፍ የኅብረት ነበር። በ2009 ዩኒየን ታክሲ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር በ262 አሽከርካሪ ባለቤቶች ተቋቋመ፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 800 ያህል አባላት ያሉት ግሪን ታክሲ ሥራ ጀመረ። ሁለቱም ከኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ ጋር ተሳስረው ነበር። አሽከርካሪዎቹ የተለያየ ቋንቋ ይናገሩ፣ በአገር ቤት ፖለቲካም ይለያዩ ነበር። ያስተሳሰራቸው በየሳምንቱ ለታክሲ ኩባንያ የሚከፍሉት ኪራይ ነው፤ ኪራይ ደግሞ ብሔርንና ፓርቲን አይለይም።

ድሉን ማጋነን አይገባም። የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች በ2014 እንደ ኡበር ያሉ ኩባንያዎች በሕግ እንዲሠሩ ሲፈቅዱ፣ በብዙ ድካም የተገኘው የታክሲ ፈቃድ ዋጋ ወዲያው ቀነሰ። ይሁን እንጂ የተገኘው ልምድ ሥራ ላይ የሚውል ነበር፦ ጥቅሙን በግልጽ የለየ፣ አባላቱን የቆጠረና ከአካባቢው የሠራተኛ ማኅበር ጋር የተሳሰረ ቡድን፣ አባላቱ ዜግነት ባያገኙም እንኳ ደንብ ሊያስለውጥ ይችላል።

የዋሽንግተኑ ድልና ወሰኑ

ማኅበረሰቡን ከሁሉ በላይ በአሜሪካ ፖለቲካ ያሳወቀው ግን ኤች አር 128 ተብሎ የሚጠራው የውሳኔ ሐሳብ ነው። በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት እንዲከበርና አሳታፊ አስተዳደር እንዲሰፍን የሚጠይቀውን ይህን ሐሳብ በ2017 ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ሲሆኑ፣ ከዋነኞቹ ደጋፊዎች አንዱ አውሮራን የሚወክሉት ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማን ነበሩ።

የኮፍማን ተሳትፎ በበጎ ፈቃድ ብቻ አይገለጽም። በ2009 ወደ ኮንግረስ ሲገቡ የወረሱት፣ በፀረ ስደተኛ አቋማቸው የሚታወቁት ቶም ታንክሬዶ የያዙትን ለሪፐብሊካን አስተማማኝ የምርጫ ወረዳ ነበር። በ2011 የወረዳው ካርታ ተለውጦ አውሮራ ሲጨመርበት ወረዳው ፉክክር የበዛበት ሆነ፤ በ2012ም ኮፍማን ያሸነፉት በጠባብ ልዩነት ነው። ከዚያ በኋላ ስፓኒሽ ተማሩ፤ የኢትዮጵያውያንን አብያተ ክርስቲያናትና ስብሰባዎችም አዘውትረው ጎበኙ። ጥቂት ሺህ ድምፅ ወሳኝ በሚሆንበት ወረዳ የፖለቲከኛ ጆሮ ይከፈታል።

የውሳኔ ሐሳቡ ከብዙ መዘግየት በኋላ ሚያዝያ 10 ቀን 2018 ጸደቀ፤ ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ስምንት ቀን ሆኖት ነበር። ሰነዱ አስገዳጅ ሕግ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ኮፍማን በዲሞክራቱ ጄሰን ክሮው ተሸነፉ። አሸናፊው ላይ ግን የቀረበው ጥያቄ በመሠረቱ ያው ነበር፦ የኢትዮጵያ ጉዳይ። የአገር ቤት ጉዳይ ሰውን በፍጥነት ያሰባስባል፤ በፍጥነትም ይበትናል። በ2020 ኅዳር በትግራይ ጦርነት ሲጀመር፣ በየከተማው የዲያስፖራ ሰልፍ ለሁለት ተከፈለ፤ በአንድ ወቅት አብረው ደብዳቤ የፈረሙ ሰዎች በተቃራኒ ሰልፍ ቆሙ። ሁሉንም ያቀፈ የከተማ አጀንዳ አስቀድሞ ባልተሠራበት ቦታ፣ ከመከፋፈሉ በኋላ የሚተርፍ የጋራ መድረክ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከ300 ያነሰ ድምፅ

በ2019 ኮፍማን ለአውሮራ ከንቲባነት ተወዳደሩ። የአውሮራ ምርጫ የሚካሄደው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት በኅዳር ነው፤ በይፋ ፓርቲ የለበትም። ዴንቨር አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ ትጠይቃለች፤ ካልተገኘም ሁለተኛ ዙር ታካሂዳለች። አውሮራ ሁለተኛ ዙር የላትም፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። በዚያ ዓመት አምስት ዕጩዎች ቀረቡ፤ ከ70,000 በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡ። ኮፍማን በ36 በመቶ ገደማ፣ የአውሮራ ኤንኤኤሲፒ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ኦማር ሞንትጎመሪን ከ300 ባነሰ ድምፅ በለጡ።

ኢትዮጵያውያን ለማን እንደመረጡ ከዚህ ቁጥር ማውጣት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ድምዳሜ የስታትስቲክስ ስሕተት ይሆናል። ማለት የሚቻለው ሌላ ነው። በአንድ እሑድ ከአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ምእመን ቁጥር ከዚህ ልዩነት ይበልጣል። ኮሎራዶ ከ2013 ጀምሮ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ትልካለች፤ ሰልፍ መያዝ፣ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም። የአንድ ድምፅ ክብደት ከፍተኛ፣ የመስጫው ዋጋ ዝቅተኛ በሆነበት ምርጫ አለመሳተፍ ውድ ቸልተኝነት ነው።

የተሰጠ ወንበርና የተመረጠ ወንበር

በ2025 መጀመሪያ፣ አንድ አባል በመልቀቃቸው ክፍት በሆነው ከተማ አቀፍ መቀመጫ የአውሮራ ምክር ቤት በኢትዮጵያ የተወለዱትን አቶ አምሳሉ ካሳውን ሾመ። ለብዙዎች የሚያኮራ ቀን ነበር። ወቅቱ ግን ከባድ ነበር፦ በ2024 ጥቅምት ዶናልድ ትራምፕ በአውሮራ የምረጡኝ ዘመቻ አካሂደው፣ ከተማዋን የስደተኞች ወንጀል ምሳሌ አድርገዋት ነበር። አቶ አምሳሉ በከተማዋ በሚገኘውና ጂኦ የተባለው የግል ኩባንያ በሚያስተዳድረው የኢሚግሬሽን ማቆያ ማዕከል ይሠሩ ስለነበር፣ ክርክሩ በቀጥታ እርሳቸውን ነካ። በኅዳሩ ምርጫ ተሸነፉ፤ በምክር ቤቱ የነበረው የወግ አጥባቂዎች የበላይነትም አብሮ አበቃ።

ይህን ውጤት በማንነት ብቻ መተርጎም ያሳስታል። የሾማቸው የወቅቱ የምክር ቤት አብላጫ ነበር፤ ዕጣቸውም ከአብላጫው ዕጣ ጋር ተሳሰረ። በተጨማሪም አውሮራ ስድስት የዋርድ መቀመጫዎችና አራት ከተማ አቀፍ መቀመጫዎች አሏት። ከተማ አቀፉ መቀመጫ በመላው ከተማ የተዘረጋ ጥምረት ይፈልጋል፤ የዋርዱ ደግሞ በአንድ ሰፈር ውስጥ የተቆጠረ፣ በስም የታወቀ መራጭ ይፈልጋል። ዋርዱን ዘልሎ በከተማ አቀፉ መጀመር መሠረት ሳይጥሉ ጣሪያ እንደ ማቆም ነው።

የቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ወንበርን መናቅ አይደለም፤ ወንበሩ የሚመጣበትን ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው። የታክሲ አሽከርካሪዎቹ መጀመሪያ የጋራ ጥቅማቸውን ለዩ፣ ቀጥሎ አባላቸውን ቆጠሩ፣ ከዚያ መሥሪያ ቤቱን ገጠሙ። ዕድሩና ዕቁቡ የሰው ስም ዝርዝር፣ ገንዘብ ያዥና መተማመን አላቸው፤ የጎደለው የከተማ አጀንዳ ነው። አንዱ አጀንዳ የደመወዝ ወለል ነው፤ በዚህ ላይ ቀጣሪ የሆነው የምግብ ቤት ባለቤትና ተቀጣሪው ላይስማሙ ይችላሉ፤ ቢሆንም ክርክሩ በራሳቸው ቤት ቢጀመር ይሻላል። ሌላው ቋንቋ ነው። በ1975 በድምፅ መስጠት መብት ሕግ ላይ የተጨመረው የቋንቋ ድንጋጌ ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ እስያውያንን፣ የአሜሪካን ቀደምት ሕዝቦችና የአላስካ ተወላጆችን ብቻ ይሸፍናል፤ የአማርኛ ተናጋሪ ቁጥር ምን ያህል ቢያድግ የፌዴራሉ ግዴታ አይነካውም። በአንጻሩ የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት በ2004 ባወጣው ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም አገልግሎት እንዲሰጡ አድርጓል። ይህን የወሰነው ኮንግረስ ሳይሆን የከተማ ምክር ቤት ነው።

ሁለቱም ከተሞች በ2027 ከንቲባ ይመርጣሉ፤ ዴንቨር በሚያዝያ፣ አውሮራ በኅዳር። እስከዚያ ያለው ጊዜ የስም ዝርዝር ለማዘጋጀት፣ ዜግነት ያገኙትን ለማስመዝገብና ለዕጩዎች ሁሉ የሚቀርብ አንድ ገጽ ጥያቄ ለመጻፍ ይበቃል። ጥያቄው አስቀድሞ ከተጻፈ ዕጩው ማንም ይሁን ማን መልስ መስጠት ይኖርበታል፤ ካልተጻፈ ግን ማኅበረሰቡ እንደ ቀድሞው በምርጫው ዋዜማ የሚጎበኝ፣ በማግስቱ የሚረሳ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።